ቀይ ክርና ሰማያዊ ክር በአንድ ድስት

ከአሰብ ከተመለስኩ ወዲህ ደጄን የሚያንኳኳ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ጉልበትሽ ዳነ ወይ? የቻይናው መድኃኒት ምን ምን ይላል? እባብ አለበት የሚባለው እውነት ነው? አንዷ ጠይቃ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ለእያንዳንዷ ከመጀመሪያው ስጀምር ድምፄ አለቀ። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ቁርጥማቱ ጣቶቼንም ስለማይምራቸው በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አይሄድልኝም። የቸኮለ ሰው የወሰደኝን ሾፌር ብሩን ይጠይቅ፤ ብሩ ግን የሚያወራው ስለ ቅቤው ብቻ ነው። ስለ ቅቤው በቦታው እመጣበታለሁ።

የሄድኩበት ምክንያት እንዲህ ነው። ባለቤቴ መምህር ተፈራ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ጉልበቴ እምቢ አለ። ደሴ እንደምታውቋት ዳገት ናት። የእኛ ቤት ደግሞ በዳገቱ ላይ ሌላ ዳገት አለው፤ ከመንገዱ እስከ በራችን የሚያደርሰውን የድንጋይ ደረጃ ተፈራ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ሰውየው መምህር እንጂ ግንበኛ አልነበረም፤ ይህንንም ደረጃው ራሱ ይመሰክራል። ከላይ ሦስተኛው ድንጋይ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቤታችን መጥቶ እዚያ ላይ ያልተደናቀፈ እንግዳ የለም፤ የንስሐ አባታችን እንኳ አንድ የሚካኤል ቀን ጠበል ይዘው ሲገቡ እዚያው ተደናቅፈው ጠበሉን ሁሉ ደጁ ላይ ረጭተውታል። በነቀፍኩት ቁጥር «እሠራዋለሁ» ይለኝ ነበር። ሳይሠራው ሄደ።

ልጄ አስቴር አሰብ ላይ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ግርማ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ ነው። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ቤቱን ሸጬ እሷ ዘንድ እንድገባ ትወተውተኝ ነበር። አሰብ አንድም ዳገት የለም፤ ለአንቺ ጉልበት የተፈጠረ አገር ነው ትለኛለች። ገዢ ሳይቀር አግኝታለች። እኔ ግን ከዚያ ቤት መውጣት አልፈለግሁም። ተፈራን የማገኘው እዚያ ነው፤ ወንበሩ ላይ፣ ያላለቀው መደርደሪያ ሥር፣ ከሁሉ ይልቅ ደረጃው ላይ። ጥር ሲገባ ግን ደረጃውን ቁጭ ብዬ እየተንሸራተትኩ መውረድ ጀመርኩ፤ ይህንንም ሰው ለአስቴር አደረሰላት።

ወዲያው ላከችብኝ። አሰብ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ለቁርጥማት የቻይና ባህላዊ መድኃኒት እየፈተነ ነው አለች። ውላችን ይህ ሆነ፤ እመጣለሁ፣ እጠጣለሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ ማንም ሳይደግፈኝ ደረጃ መውጣት ከቻልኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ካልቻልኩ ቤቱ ይሸጣል። እሺ አልኩ። በመድኃኒቱ ሳይሆን በእልኬ ተማምኜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ብሩ ጎረቤታችን ነው፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይዞ ከደሴ አሰብ ወደብ ይመላለሳል። ልጅ ሳለ ያስተማረው ተፈራ ስለሆነ ለእኔ ሲል ጋቢናውን ባዶ አድርጎ፣ መቀመጫውን በብርድ ልብስ አልብሶ ጠበቀኝ። ያላሰበበት የጋቢናውን ከፍታ ነው። መጀመሪያ የቢራ ሳጥን አስቀመጠልኝ፤ አልደረስኩም። በሳጥኑ ላይ ሌላ ሳጥን ደረበ፤ ይባስ ብሎ ላዩ ላይ ቆሜ መውጣትም መውረድም አቃተኝ። በመጨረሻ የሻይ ቤቱ ባለቤት ከታች፣ ብሩ ከላይ ሆነው እንደ ጤፍ ኬሻ ጫኑኝ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይመለከት ነበር። ማፈር አይጠቅምም ብዬ በመስኮቱ እጄን አውጥቼ እንደ ባለሥልጣን ሰላምታ ሰጠሁ፤ ግማሹ ባርኔጣውን አነሣ።

ከኮምቦልቻ በኋላ መንገዱ መውረድ ይጀምራል፣ መውረዱንም አይተውም። የእኛ አገር ቁልቁለት ወንዝ ሲደርስ ያበቃና ዳገት ይተካዋል፤ ይሄኛው ግን ጭራሽ መመለሱን የረሳ ነው። ባቲ ላይ ጋቢዬን አወለቅሁ። ከባቲ ወዲያ ሹራቤን። ከዚያ ሻሼን። ሚሌ ስንደርስ የቀረኝ ጥቁር ቀሚሴ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያላወለቅሁት ብሩን ፈርቼ ነው።

ሚሌ ያደርነው ዘሪቱ የምትባል የወረባቦ ሴት ዘንድ ነው፤ የሾፌሮች ምግብ ቤት አላት። ክፍል አልሰጠችንም፤ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ሰው እዚያ አገር እንደ እብድ ይቆጠራል አለች። ደጅ ላይ የጠፍር አልጋ አነጠፈችልኝ። በደሴ ብርድ ሦስት ልብስ ደርቤ የምተኛ ሴት ሰማይን ተከናንቤ አደርኩ። ከመኪናው ስታወርደኝ ጉልበቴን አይታ ስለነበር ከእራቱ ጋር አንድ ጣሳ ወተት አምጥታ ይህ ለአጥንት ነው አለችኝ። ጥሩ ወተት ነበር፣ ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ጨርሼ ጣሳውን ስመልስ ላሟ የማን እንደሆነች ጠየቅሁ። ብሩ በሳቅ ፍየል ወጡ ትን አለው።

«እትዬ የሺ፣ ላሟ አንገቷ ረዘም ያለ ነው» አለኝ።

የግመል ወተት መሆኑን ከጠጣሁ በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ክርስቲያን አይጠጣውም ሲባል ነው ያደግሁት። ዘሪቱ በምሕረት ዓይን አየችኝና እሷም ክርስቲያን መሆኗን፣ ሐሩሩ ግን የማን ልጅ ነሽ ብሎ እንደማይጠይቅ ነገረችኝ። የንስሐ አባቴ ይህን ክፍል ዘለው እንዲያነቡ እለምናለሁ።

ሁለተኛው ቀን

የቅቤው ቀን ይህ ነው። ለአስቴር ከደሴ ለጋ ቅቤ በቅል ሞልቼ፣ አፉን በቅጠል ደፍኜ፣ ጋቢናው ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬው ነበር። በእኛ አገር ቅቤ እንደ ድንጋይ ነው፤ በቢላ ነው የሚቆረጠው። ሰርዶን አልፈን ወደ ዶቢ ቁልቁለት ስንቃረብ ቅቤው ቀልጦ ፈሰሰና ቀሚሴ ራሰ። አይቼ ሳልጨርስ መኪናው ታጠፈና ከበሩ ተንሸራትቼ ብሩ ላይ ወደቅሁ። በሚቀጥለው መታጠፊያ ከብሩ ወደ በሩ ተመለስኩ። ዶቢን እስክንወርድ እንዲሁ እንደ ከረንቦላ ድንጋይ ስመላለስ ነበር። ብሩ መሪውን የያዘበት እጁ ሳይቀር ቅቤ ነክቶት ስለነበር ሁለታችንም የምናውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስን። ሜዳው ላይ አቁመን የተረፈውን ስናይ ቅሉ ሥር ጥቂት ቀርቷል። ዞሮ ዞሮ የመጣነው ለጉልበት አይደል ብዬ መቀመጫው ላይ የፈሰሰውን በእጄ እየሰበሰብኩ ጉልበቴን አሸሁት።

ከኤሊዳር ወዲያ ያለውን አገር ለማስረዳት የምሰጣችሁ በቂ ምሳሌ የለኝም። ከጦሳ ተራራ ላይ ቁልቁል ስታዩ የምታዩት አረንጓዴ ሁሉ ተነቅሎ፣ አፈሩም ተጠርጎ፣ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ቀርቶ አስቡት። ቡሬን አልፈን በደባይሲማ በኩል ስንሄድ ፍየል የሚጠብቁ አፋሮች እጃቸውን አንሥተው መኪናውን አስቆሙ። እኔ ቆሎዬን ማውጣት ስጀምር ብሩ ይተዉት አለኝና ከመቀመጫው ኋላ ጀሪካን አወረደ። የሚፈልጉት ውሃ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ቅቤ በቅቤ የሆነውን ቀሚሴን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና ለብሩ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምን አለ ብዬ ብሩን ስጠይቀው፣ «ሙሽራ ናት ወይ?» ነው ያለው አለኝ። አፋር ሙሽራውን በቅቤ ይቀባል መሰለኝ። የሐዘን ልብሴን ለብሼ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ስባል፣ ዞር ብዬ «ሰማኸው?» ልል ነበር። ከጎኔ ያለው ብሩ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ባሕሩን ያየሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሐይቅን አይቼ ስላደግሁ ውሃ አያስደንቀኝም ብዬ ነበር። የሐይቅ ውሃ ግን ማዶ አለው፣ ይጠጣልም። ይህ ማዶ የለውም፤ ቀምሼ ተፋሁት። አስቴር ከቤቷ ወጥታ ከማቀፏ በፊት አሸተተችኝና «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ወጥ ወጥ የምትሸቺው?» አለች። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች።

ሦስተኛው ቀን

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደችኝ። በረንዳው ላይ ጉልበቱን የሚያሸው ሁሉ ተደርድሯል፤ የወደብ ተሸካሚዎች፣ ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ዘበኛ፣ ሴቶች። ሐኪሙ ዶክተር መስፍን ይባላል፤ የአስቴር እኩያ፣ ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን ልጅ ነው። ጉዳዩን በእርጋታ አስረዳን። ከቻይና መርከብ ጋር የመጣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ይህን መድኃኒት ሁለት ሣጥን ሙሉ ሰጥቶታል፤ መርከቡ ከፋሲካ በፊት ሲመለስ ሽማግሌው ውጤቱን መስማት ይፈልጋል። ዶክተሩ አላምንም አልክድም፣ እፈትነዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶለታል።

ጥያቄ ካላችሁ ሲል እኔ እባብ አለበት ወይ አልኩት። ከጎኔ የተቀመጠች ፋጡማ የምትባል የአፋር ሴት አልኮል አለበት ወይ አለች። ከእሷ ቀጥላ የተቀመጠችው ለተብርሃን ጾም ያስፈታል ወይ አለች። ሥርና የዛፍ ቅርፊት ብቻ ነው ብሎ ሦስታችንንም በአንድ መልስ አሳረፈን። ፋጡማ የበይሉል ሰው ናት፤ ልጇ ወደብ ስለሚሠራ እሱ ዘንድ ተቀምጣ በየቤቱ ዓሣ እየዞረች ትሸጣለች። ለተብርሃን የአስቴር የግድግዳ ጎረቤት ናት፣ ከሐማሴን። አስቴር በትግርኛ «እናቴ» ለማለት አደይ ትላታለች፤ እኔ እኩያዬ ስለሆነች በስሟ ጠራኋት።

ከዚያ የፈተናውን ደንብ ነገረን። ገሚሶቻችን በቀይ ክር የታሰረ ጥቅል፣ ገሚሶቻችን በሰማያዊ ክር የታሰረ ጥቅል እንወስዳለን። አንደኛው እውነተኛው የቻይና መድኃኒት ነው። ሌላው መራራ ቅጠልና የተቆላ ገብስ ነው፤ መልኩ ይመሳሰላል፣ ምንም አያድንም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ለብቻው በሦስት ብርጭቆ ውሃ ቀቅሎ፣ አንድ ብርጭቆ ሲቀረው ይጠጣዋል፤ ለማንም አያካፍልም። የጉምሩኩ ዘበኛ ተነሥቶ፣ «ዶክተር፣ የውሸቱ የሚደርሰን ሰዎች ጥፋታችን ምንድን ነው?» አለ። ዶክተሩ ረጅም መልስ ሰጠው፤ ዘበኛው በአክብሮት አዳምጦ ሲቀመጥ አልገባኝም አለን።

ደንቡን ትጠብቃላችሁ? ሲለን ሁላችንም እሺ አልን። እሺ ለሐኪም የሚሰጥ አክብሮት ነው።

ለእኔ ቀይ ደረሰኝ። ለፋጡማና ለለተብርሃን ሰማያዊ። በመጨረሻ አንድ በአንድ በክሊኒኩ ጎን ወደ ሰገነቱ የሚያወጣውን የሲሚንቶ ደረጃ እንድንወጣ አዘዘ፤ በየሳምንቱ እየመጣን እንወጣዋለን። እኔ ሁለት ደረጃ ወጥቼ ቆምኩ። አስቴር ከታች ሆና ታየኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ማዘን ይሁን ደስታ አልለየሁትም።

አራተኛው ቀንና ከዚያ ወዲያ

የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደ ደንቡ ለብቻዬ ጠጣሁ። ላካፍል ብልም የሚፈልገው አይገኝም፤ መራራነቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በማግስቱ ግን ለተብርሃን ድስቷን ይዛ መጣች። አሰብ ላይ የሚጠጣ ውሃ የሚለካው በጠብታ ነው። በደሴ ዝናቡ ከጣራ ሲወርድ በርሜል መደቀን የሚሰለቸን ሰዎች፣ እዚያ የእጃችንን እጣቢ ለአበባ እናጠጣለን። ሦስት ሴቶች ሦስት ድስት ጥደው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ውሃ እንፋሎት አድርገው መስደዳቸው፣ ሦስት ቡታጋዝ ማንደዳቸው፣ ኃጢአት ነው አለች ለተብርሃን። ፋጡማ ዓሣዋን አራግፋ ቁጭ እንዳለች የተናገረችው ደግሞ ሌላ ነው። ከእኛ ውስጥ ውሸቱን የምትጠጣ አለች፤ ጎረቤቷ ውሸት ስትጠጣ እያየች እውነቱን የምትጠጣ ሴት የት አገር ነው ያለችው?

ከዚያ ትልቁን ድስት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀዩንም ሰማያዊውንም ፈትተን አንድ ላይ ጨመርን፣ በአንድ እሳት ቀቀልን፣ በእኩል ብርጭቆ ተካፈልን። ክሮቹን ፋጡማ ለዓሣዋ ማሰሪያ ወሰደች።

ሲፈላ ቆይቶ እስኪበርድ ጊዜ ስለሚወስድ ፋጡማ ወደ ባሕሩ ዳር ትወስደን ጀመር። በበይሉል ጉልበቱን ያመመው ሰው ፀሐይ ያጋለው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል አለችን። ሦስታችን ተደርድረን ተቀምጠን እስከ ጭናችን አሸዋ እየለበስን ወደ ውሃው እንመለከታለን። ለተብርሃን፣ ለሚያልፍ ሰው የተተከልን ሽንኩርት እንዳንመስለው ትላለች። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ፋጡማ ለሶላት ትነሣለች፤ እኛ እርስ በርስ እየተሳሳብን እንወጣለን። መጀመሪያ ሰሞን መንገዱ ያስለቅሰኝ ነበር። ኋላ ግን ሐሜቱ እየጣፈጠኝ ሲመጣ መድረሳችንንም አላውቀውም። ጾም ሲገባ ሥጋውን ትተን ዓሣ በላን። በደሴ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ አሰብ ላይ ክርክሩ ፋጡማ ዘንቢሏን ስታወርድ ያበቃል። ይህንንም የንስሐ አባቴ ይዝለሉት።

አስቴር ጥቁር ልብሴን እንዳወልቅ በየቀኑ ትለምነኝ ነበር፤ እዚያ ፀሐይ ላይ ጥቁር መልበስ ምድጃ መልበስ ነው። እምቢ አልኳት። ነጭ የለበስኩ ቀን ተፈራ የእውነት የሚሞት መሰለኝ።

በየሳምንቱ ደረጃው ላይ ከፍ እያልኩ መጣሁ። ከእኔ ጋር ፋጡማም፣ ለተብርሃንም፣ ዘበኛውም፣ ተሸካሚዎቹም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተሻለው። ዶክተሩ ግን በየሳምንቱ እየከሳ ሄደ። ቀይ የጠጣውም ሰማያዊ የጠጣውም እኩል ነው የሚሻለው። ገብስ እንደ መድኃኒት፣ መድኃኒት እንደ ገብስ ሆነበት።

የእሑዱ ምሳ

አስቴር አሳዝኗት አንድ እሑድ ከፋጡማና ከለተብርሃን ጋር ምሳ ጠራችው። ከማጣሪያው ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ተመትቶ እያነከሰ መጣ። በልተን ስናበቃ ለተብርሃን፣ እንግዳ ሲያነክስ አይታ ዝም ማለት የማትችል ሴት፣ ከጓዳ አንድ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ዓይኔን አፍጥጬ አየኋት፤ አልገባትም።

ሻይ መስሎት ጎንጨት አለና ቆመ። እንደገና ጎንጨት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የገዛ መድኃኒትህ ነዋ» አለች ፋጡማ።

«የቀዩ ነው የሰማያዊው?»

ፋጡማ፣ «ዶክተር፣ ድስት ክር አይለይም» አለችው።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው» አልኩ፤ ለእውነት ያህል።

«ለየብቻችን እንጠጣለን ብላችሁ ቃል አልገባችሁልኝም?»

«ወላሂ አልገባንም» አለች ፋጡማ። «እሺ ብቻ ነው ያልነው።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ፤ ከሁሉ ሽማግሌ እኔ መስዬው ይሆናል። እንዲህ አልኩት፤ «ልጄ፣ አንዱ እውነት አንዱ ውሸት ነው ብለህ የነገርከን አንተ ነህ። ባትነግረን ለየብቻችን እንጠጣ ነበር። ነግረኸን ግን እኔ ፋጡማ ፊት ምን ዓይን ኖሮኝ ብቻዬን ልጠጣ?»

ሌሎቹም እንዲሁ አድርገው ይሆን ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቀ። ለተብርሃን ደስ እያላት ነገረችው፤ ዘበኛው ከሚስቱ እህት ጋር፣ ተሸካሚዎቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ የዘይት ቆርቆሮ ነው የሚያፈሉት፣ ያልታመሙትም ይጠጣሉ። ዶክተሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስነው ብለን ደነገጥን። እጁን ሲያነሣ ግን እየሳቀ ነው። ይህ ብቻ ነው ወይ ወይስ ሌላም ያደረጋችሁት አለ አለን። ስለ አሸዋው፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ መንገዱ ነገርነው። እያንዳንዱን ስንነግረው በቃ፣ በቃ ይላል።

ያልሳቀችው አስቴር ናት። ሳህኖቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት።

«እንግዲህ ፈተናው ፈርሷል» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ። «ድነሻል የሚል ሐኪም የለም። ለገዢው እሺ ልለው ነው።»

«የፈረሰው የመድኃኒቱ ፈተና ነው። የእኔ ውል ከደረጃው ጋር ነው።»

ሳህኑን ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። «አንቺ እዚያ ቤት ውስጥ አባዬን ታገኚዋለሽ» አለች። «ወንበሩ አለሽ፣ ደረጃው አለሽ። እኔ እዚህ ምን አለኝ? አንቺም ከሄድሽ አባዬ እንዲህ ይል ነበር ብዬ ለማን አወራለሁ?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጉዳዩ የጉልበቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዱን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ከዚያ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ አሰብ ሲቀዘቅዝ መጥቼ እንደምሰነብት፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እሷ ወደ ቤቷ እንደምትመጣ፣ ቤቱ ከተሸጠ ግን ሁለታችንም የምንሄድበት እንደማይኖረን ነገርኳት። ሳህኑን ከውሃው አወጣችና፣ «መጀመሪያ ደረጃውን ውጪ» አለችኝ። አባቷን ቁርጥ።

ደረጃው

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን። ፋጡማና ለተብርሃንም መጡ፣ ዘበኛውም ከሚስቱ እህት ጋር። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በቀላሉ ወጣሁ። መሐል ላይ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። መጨረሻ ላይ ጉልበቴ እሳት ሆነ፤ ፊቴ ግን ምንም አልተናገረም። ላይ ስደርስ ቀሚሴን በእጄ ጨምድጄ ይዤው ነበር። ዶክተሩ ከላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር አየው። ቀሚሴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ታች ወደ አስቴር ዞረ።

«መድኃኒቱ ይሁን፣ አሸዋው ይሁን፣ ዓሣው ይሁን፣ ሐሜቱ ይሁን አላውቅም» አላት። «ግን ወጥተዋል።»

በዚያው ሳምንት መርከቡ መጣ። ዶክተሩ ለሽማግሌው ቻይናዊ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነግሮታል። ሽማግሌው በአስተርጓሚው በኩል ሰምቶ ሲያበቃ እንባው እስኪወርድ ስቆ፣ ሌላ ሣጥን አስወርዶ፣ ደግመህ ስትፈትን እርስ በርስ የተኳረፉ ሰዎች ምረጥ አለው አሉ። ዶክተሩ አሁንም እየፈለገ ነው።

መመለስ

አስቴር ለፋሲካ ትምህርት ሲዘጋ ራሷ ልታደርሰኝ ተነሣች። አንድ ነገር ግን አስምላኛለች፤ ያ የአባቷ ከፍ ያለ ድንጋይ ሊፈርስና ሊስተካከል ነው። ጉልበትሽን አምኜ ሳይሆን ደረጃውን አስተካክዬ ነው ጥዬሽ የምመለሰው አለች። ግንበኛ እንዲጠብቀን ደሴ ድረስ ላከች። ፋጡማ አንድ ዘንቢል የደረቀ ዓሣ ሰጠችኝ፤ ለተብርሃን ስንለያይ ምንም አልተናገረችም፣ ድስቱን ብቻ አሸከመችኝ።

የብሩ መኪና ጋቢና ውስጥ የገባሁት ራሴ ነኝ። ሳጥን አልፈለግሁም። ብሩ አጨበጨበልኝ። መቀመጫው አሁንም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሚሌ ላይ ዘሪቱ ጉልበቴን አይታ የቀረኝ መድኃኒት ካለ ለመነችኝ። ሁለት ጥቅል ቀርቶኝ ነበር፤ ቀዩንም ሰማያዊውንም አብራ እንድትቀቅል፣ ከጎረቤት ጋር እንድትጠጣ ነግሬያታለሁ። ወተቱን ስታመጣልኝ ስለ ላሟ አልጠየቅሁም።

ደሴ ስንደርስ ጉም ነበር። ግንበኛው መዶሻውንና መሮውን ይዞ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። ጎረቤቶቼ በየመስኮቱ ብቅ ብለዋል፤ እናንተው ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሦስተኛው ድንጋይ ሥር ስደርስ ቆምኩ፤ ከሄድኩበት ጊዜ ይልቅ ከፍ ያለ መሰለኝ።

አስቴር ከኋላዬ ዘንቢሉን ይዛ ነበር። በሩን ልክፈትልሽ ብላ በጎኔ ቀድማኝ ወጣች። ጫማዋ ያንን ድንጋይ መታውና በእጇ ወደቀች፤ የፋጡማ ዓሣ በደረጃው ሁሉ ተበተነ።

«ኤጭ! አባዬ ደግሞ!» አለች።

ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ረፍዶባት ስትሮጥ በየጠዋቱ በምትለው ድምፅ ነው ያለችው። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። እኔ ሳቄ ስለመጣ መቆም አልቻልኩም፣ እዚያው ተቀመጥኩ። እሷም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እየሳቀች ታለቅስ ይሁን እያለቀሰች ትስቅ አልጠየቅኋትም፤ እኔም የራሴ ሥራ ነበረኝ።

ግንበኛው ከታች አንጋጦ ሲያየን ቆየ። «እመቤቴ፣ የሚፈርሰው ይሄኛው ነው?» አለ።

አስቴር ፊቷን ጠረገች። «ይቅር» አለችው። «እናቴ ተራምዳዋለች።»

ገና አልተራመድኩትም ነበር። ተነሣሁ። ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ተፈራን እንደ ልማዴ አንድ ሁለት ቃል ተናገርኩትና እግሬን አነሣሁ።